ፋይል መገልበጥ ብቻውን አይበቃም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

አራት ኪሎ ላይ የጽሕፈት አገልግሎት እሰጣለሁ። ባለፈው ግንቦት፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው በሚሰለፉበት ሰሞን፣ የላፕቶፔ ሃርድ ዲስክ ተበላሸ። ጽሑፎቹ በፍላሽ ስለነበሩ ተረፉ። ዊንዶውሱ፣ የግዕዝ መጻፊያው፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር፣ ለዓመታት ያስተካከልኩት ሁሉ ግን ጠፋ። አራት ቀን ሙሉ ሰው መለስኩ! አንዲት ተማሪ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስትወጣ ያየሁት እስካሁን ያመኛል።

ብዙዎቻችን የዊንዶውስን ፎልደር ወደ ውጫዊ ዲስክ ብንገለብጥ የዳንን ይመስለናል። በዚያ ኮምፒውተር አይነሣም፤ ማስነሻው ያለው በማይታይ የዲስኩ ክፍል ነው። የሚያስፈልገው ያንንም ጨምሮ ሲስተሙን እንዳለ የሚቀዳ ‹‹ሲስተም ኢሜጅ›› ነው። መሥሪያው ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ይገኛል። ላፕቶፑ በራሱ መነሣት ሲያቅተው የሚነሣበት ማስነሻ ፍላሽም አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ላፕቶፑ እምቢ ካለ በኋላ ከሌላ ኮምፒውተር መለመን ይመጣል።

ጠጋኞቻችን ዊንዶውስ ጭነው ሲያስረክቡ ይህን ለደንበኛው ቢነግሩት ምን ይጎድልባቸዋል? ጋዜጣችሁም በቴክኖሎጂ ዓምዱ በአማርኛ ደረጃ በደረጃ ቢያሳየን እላለሁ። እኔ አሁን በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሲስተሙን ወደ ውጫዊ ዲስክ እቀዳለሁ። ቅጂው ሲያልቅ ዲስኩን ነቅዬ ቤት እወስደዋለሁ፤ እንደተሰካ ከቀረ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ እርሱንም ይደርስበታል።

የጽሕፈት ባለሙያ፣ ከአራት ኪሎ