ጅቡቲ መንገድ ላይ ላለው ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ አላባራም፤ አዌቱ ወንዝም እንደ ልማዱ ሞልቷል።

እናትህ ጃኬትህን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ግማሹ የተዋጠ የካፕሱል እሽግ አገኘች። የጉንፋን ነው አልኳት። እኔ ግን ገብቶኛል። ባንተ ዕድሜ እኔም ውጬዋለሁ።

አልቆጣህም። ግን ያለ ኮንዶም አትተኛ።

ልጅ ሆነህ «ለምን ወንድም የለኝም?» ስትለን እናትህ ተነስታ ማጀት ትገባ ነበር፤ ታስታውሳለህ። ምክንያቱ እኔ ነኝ። አንተ ሁለት ዓመትህ ነበር፤ ከጅማ ቡና ጭነን አዲስ አበባ ስንመላለስ ወሊሶ እናድራለን። እዚያ ጨብጥ ያዘኝ። ሐኪም ፊት መቆም አፈርኩና ጓደኛዬ የሰጠኝን ካፕሱል ሁለት ቀን ዋጥኩ። ማቃጠሉ ሲተወኝ ድኛለሁ ብዬ ቤቴ ገባሁ። እናትህ ምንም አልተሰማትም፤ ጨብጥ ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ከወራት በኋላ ከእምብርቷ በታች ያማት ጀመር። በመጨረሻ የማህፀንሽ ቱቦ ተዘግቷል አሏት። እሷ ከጠበል ጠበል ስትዞር እኔ ምክንያቱን እያወቅኩ ጀሪካን ተሸክሜ ከኋላዋ እከተል ነበር። የነገርኳት አንተ አሥረኛ ክፍል ስትገባ ነው። ይቅር ብላኛለች። ጎረቤት አራስ በተጠየቀ ቁጥር ግን ፊቷን ማየት አልችልም።

ስለዚህ አዋሽም ይሁን ሎጊያ ወይ ጋላፊ፣ ያለ ኮንዶም አትተኛ። «አውቃታለሁ» አትበለኝ። እናትህም እኔን ታውቀኝ ነበር።

ኮንዶሙን ከመሪው ፊት ክሩስኮት ላይ አትተው፤ የአፋር ሙቀት ላስቲኩን ያበላሸዋል። ቀኑን እይ፣ በጥርስህ አትቅደድ፣ ቫዝሊን አታስነካው፣ ሁለት አትደርብ። ቢቀደድብህ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ሂድ። ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ከተጀመረ ኤችአይቪ እንዳይዝህ የሚከላከል የ28 ቀን መድኃኒት አለ። ለጨብጥና ለቂጥኝ ግን ያ አይሠራም፤ መመርመር አለብህ። የቂጥኝ ቁስል ብዙ ጊዜ አያምም፣ ራሱ ይደርቃል፤ በሽታው ግን ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ደረቀ ብለህ እንዳትታለል።

የእናትህን የግፊት መድኃኒት ከአዲስ አበባ ይዘህ ና፤ እዚህ አጥተናል።

አዳማ ስላለችው ልጅ አክስትህ ነግራኛለች። አፍረህ እንዳትደብቃት። አንተ ብቻ ብትታከም መልሶ ይይዝሃል፤ እሷም እንደ እናትህ ሳታውቀው ይጎዳታል። ዛሬውኑ ደውልላት።

የኔ ልጅ፣ ያለ ኮንዶም አትተኛ። የቀረውን ካፕሱል እኔ ጋ አስቀምጬዋለሁ፤ ለሐኪሙ እናሳየዋለን። ሐሙስ ስትገባ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ቤት። ለእናትህ የጉንፋን ነው ብዬ ዋሽቻታለሁ። ሁለተኛ እንድዋሻት አታድርገኝ።

አባትህ
ጅማ