ግልጽ ደብዳቤ፦ በሩ ሳይበየድ ማስረጃው ይያዝ

ይድረስ ጉዳዩን በእጃቸው ለያዙት የፖሊስ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በሌሊት ብርበራ እቤቱ ውስጥ በጥይት ስለተገደለው ወጣት በጽሑፍም በአካልም አቤት ብለናል። ያገኘነው መልስ «እየተጣራ ነው» የሚል ብቻ ነው፤ እሱም በቃል። የሚያጣራው ደግሞ ብርበራውን ያካሄደው ጣቢያ ራሱ ነው። ለቤተሰቡ ደኅንነት ስንል የሟችንም የጣቢያውንም ስም እዚህ አንጠራም። እርስዎ ያውቋቸዋል።

ፖሊሶቹ የገቡት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 33፣ ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ እንዲደረግ፣ ማዘዣውም የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ እንዲጠቅስ ይደነግጋል። ለቤተሰቡ የታየ ማዘዣ የለም። አንቀጽ 32 ያለ ማዘዣ መግባት የሚፈቅደው ተጠርጣሪን እግር በእግር እየተከታተሉ ከሆነ፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ ሊሸሽ ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለ ነው። የትኛው እንደነበረ እስካሁን የነገረን የለም።

እናቱ በሙቀቱ ምክንያት ግቢ ውስጥ አጎበር ሥር ተኝተው ነበር። «ፖሊስ ነን፣ ክፈት» የሚል ድምፅ ሳይሰሙ ተኩስ ሰሙ። ቃላቸውን የተቀበለ መርማሪ የለም።

ጣቢያው «ቢላ ይዞ ሲመጣብን ተኮስን» ይላል። በሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ላሜራ ነው፤ ጥይት ላሜራ ሲበሳ ጠርዙን ወደሄደበት አቅጣጫ ይገለብጠዋል። የዚህ በር ቀዳዳ ወደ ውስጥ ተገልብጧል፤ በትይዩው ግድግዳ ላይም ጥይት የመታው ቦታ አለ። በሩን ዘግቶ ቀዳዳውንና ግድግዳውን በሲባጎ ማገናኘት፣ ከዚያም በሩን ከፍቶ መድገም ነው። መስመሩ የሚገጥመው ሲዘጋ ከሆነ የተተኮሰው በተዘጋ በር ላይ ነው። ከተዘጋ በር ኋላ ያለ ሰው ደግሞ ውጭ የቆመ ፖሊስ ላይ ቢላ ይዞ ሊደርስ አይችልም። ይህን ለማየት ሲባጎና ሜትር ይበቃ ነበር። ማንም አልለካም።

ቀለሆቹ ፎቶ ሳይነሱ፣ የወደቁበት ቦታ ምልክት ሳይደረግበት በእፍኝ ተለቅመው ተወሰዱ። ክላሽ ቀለሁን ወደ ቀኝና ወደፊት ስለሚወረውር፣ የወደቀበት ቦታ ተኳሹ የት እንደቆመ ለመገመት ይረዳ ነበር። ይህ አሁን አይመለስም።

የሟች ሸሚዝ እርጥብ ደም እንዳለበት በፌስታል ተጠቅልሎ ለእናቱ ተሰጠ። ለማመን የሚከብድ ነው! ከምን ያህል ርቀት እንደተተኮሰ የሚታወቀው በቀዳዳው ዙሪያ ከሚገኝ ጥላሸትና የባሩድ ቅንጣት ነው። እንዲህ ያለ ልብስ ጥላ ሥር ተሰቅሎ ይደርቃል፣ በወረቀት ይታሸጋል፤ በድሬ ሙቀት ፌስታል ውስጥ ሻግቶ ለመበስበስ ጊዜ አይፈጅበትም። ቤተሰቡ አድርቆ አስቀምጦታል፤ ነገር ግን ርክክቡ በሰነድ ስላልተያዘ ነገ ችሎት ላይ «ማን ነካካው?» የሚል መቃወሚያ ይነሳበታል። በፖሊስ ጥፋት የቤተሰቡ ማስረጃ ይዳከማል።

በሕይወት የመኖርንና የግል ሕይወትን መብት የሚያስከብሩትን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 15ና 26 ለእርስዎ ማስታወስ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1990 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሃቫና ላይ የጸደቁት የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መርሆዎችም፣ ፖሊስ ሰው ሲገድል ዝርዝር ሪፖርት ወዲያው እንዲቀርብና ቤተሰቡ ገለልተኛ አካል ዘንድ አቤት የሚልበት መንገድ እንዲኖረው ይጠይቃሉ።

መዝገቡ ከጣቢያው ወጥቶ ዐቃቤ ሕግ በቀጥታ ይምራው። የዚያን ሌሊት የተሰጡት ጠመንጃዎች በቁጥራቸው ተለይተው ይያዙ፤ የወጣውና የተመለሰው ጥይት የተመዘገበበት ገጽም እንዳይነካካ ይታሸግ። የአስከሬን ምርመራው ውጤት ግልባጭ ለቤተሰቡ ይሰጥ።

በሩ ግን ፋታ አይሰጥም። ቤተሰቡ በተበሳና ቁልፉ በተሰበረ በር እያደረ ስለሆነ ለበያጅ ሊሰጠው ነው፤ እስካሁን ያቆየው እኛ ስለለመንነው ነው። ባለሙያ ልከው በፎቶና በልኬት አስመዝግበው ይረከቡት፣ በምትኩም ለቤቱ በር ይግጠሙለት። የሚመጣበትን ቀን በጽሑፍ ያሳውቁን።

ለቤተሰቡ በነፃ የምንቆም ጠበቆች
ድሬዳዋ