ጥርሱን ሳትቆጥሩ ጓዝ አትጫኑ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ረጅም የብስክሌት ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ስለ ማርሽ ግን አንድም ቃል የለውም። እኔ ይህን ነገር በጉልበቴ ነው የተማርኩት።

የድሮ ብስክሌቴ ከፊት 50 እና 34 ጥርስ ያላቸው ሁለት ማርሾች፣ ከኋላ ደግሞ ከ11 እስከ 28 ጥርስ ያላቸው ማርሾች ነበሩት። አስፋልት ላይ ይበራል። ጓዝ ጭኜ ኮረኮንች ዳገት ስጀምር ግን ወርጄ ገፋሁ። አሁን ከፊት 46 እና 30፣ ከኋላ ከ11 እስከ 34 አድርጌዋለሁ። ከፊት በ30፣ ከኋላ በ34 ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው 0.88 ዙር ገደማ ብቻ ይሄዳል። ቀስ ይላል፤ ግን ያወጣል! ከፊት በ46፣ ከኋላ በ11 ደግሞ ከ4 ዙር ያልፋል።

አደራ፣ ጥርስ ገዝቶ መግጠም ብቻውን አይበቃም። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ የሰንሰለቱን ትርፍ መሰብሰብ አለበት። የፊቶቹ ልዩነት 16፣ የኋላዎቹ 23፣ ድምሩ 39 ጥርስ ነው። የመቀየሪያው አቅም ከዚህ ካነሰ፣ የፊቱ ትንሹ ማርሽ ከኋላው ትንሹ ጋር ሲገጥም ሰንሰለቱ ይንጠለጠላል። ሰንሰለቱን ስትቆርጡ ደግሞ በፊቱና በኋላው ትልልቅ ማርሾች ላይ አዙራችሁ ለኩት። ካጠረ መቀየሪያውን ይሰብራል። የእኔ የተሰበረው ዳገት መሃል ነው።

እባካችሁ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ይህን አካትቱልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ