የፖስታ ካርዱን ጀርባም አሳዩን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የቆዩ የፖስታ ካርዶችንና ማስታወቂያዎችን የምታወጡበትን ገጽ በጉጉት እጠብቃለሁ። ቅር የሚለኝ «ያ ደጉ ዘመን» የሚለው መግለጫችሁ ነው። ፖስታ ካርድ እኮ ለገበያ የተሠራ ምስል ነው። የቀለም ፎቶግራፍ ሳይስፋፋ በፊት በጥቁርና ነጭ የተነሣውን ሥዕል ቀለም የሚቀቡት ብዙውን ጊዜ ቦታውን አይተውት የማያውቁ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ነበሩ። ሰማዩን ያሰማምሩታል፤ ዓይን የሚረብሽ ምሰሶና ሽቦ ካለም ይፍቁታል። ማስታወቂያውም ቢሆን ከሰዉ ኑሮ ይልቅ የነጋዴውን ምኞት ነው የሚነግረን።

እኔን የሚማርከኝ መልእክት የተጻፈበት ካርድ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1902 የካርዱ ጀርባ ለአድራሻና ለመልእክት እንዲከፈል እስክትፈቅድ ድረስ ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ነበር። ስለዚህ ላኪው ሰላምታውን በሥዕሉ ጠርዝ፣ ቦታ ካጠረውም በመርከቡ ጭስ ዙሪያ እያጠማዘዘ ይጽፍ ነበር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉንፋኑ፣ ስላልተከፈለው ብድር። ደግ ዘመን ከተባለ እንግዲህ ይኸው ነው!

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ጀርባውንም አብራችሁ አትሙልን፤ የአሳታሚው ስምና የፖስታ ቤቱ ማኅተም አይቆረጥ። የግል አድራሻውን ግን ሸፍኑት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ