ማሙሽ ማርሚታውን ከመቀየሩ በፊት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? እኔ ክብሩ ይስፋ ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ነው አልለመድ ያለኝ።

የላክልኝን ድምፅ ሰማሁት። ማሙሽ እቁብ ወጥቶለት ቪትዙን ሞዲፋይ ላድርግ ብሏል አልከኝ። የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ ሊቀይር፣ ሞላ ቆርጦ ዝቅ ሊያደርጋት፣ ትልቅ ቸርኬ ሊያስገባላት። «አንተም እዚያ የምትሠራው ይኼንኑ አይደል? እስቲ ምከረው» ብለኸኛል። በስልክ ብነግረው «እሺ አጎቴ» ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ ጻፍኩት። ቁጭ አድርገህ አንብብለት።

እኔ ያለሁበት ጋራዥ የሚሠራው ሎተስ የሚባለውን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ብቻ ነው። ሌላ መኪና በበሩ አይገባም። ፋብሪካው ራሱ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ እንግሊዝ፣ ሄትል የሚባል ቦታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ይነሱበት የነበረ ሜዳ ነው፤ ሎተስ የገባበት በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ሰሞኑን ፈታተን የገጠምናት ኤሊዝ የምትባለዋን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2021 ድረስ ሲሠሯት የኖሩ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ መኪና ናት።

ብታያት ትስቃለህ። የመጀመሪያዋ ኤሊዝ 725 ኪሎ ገደማ ብትመዝን ነው። የማሙሽ ቪትዝ ትበልጣታለች። ሞተሯ 1.8 ሊትር ሆኖ 118 የፈረስ ጉልበት ነው፤ አንድ ደህና ኮሮላ የሚያወጣው ነው። ግን ከቆመችበት ተነስታ 100 ለመግባት ስድስት ሰከንድ አካባቢ ይበቃታል። ምስጢሩ ሞተሩ ላይ አይደለም።

ሻንሲዋ አሉሚኒየም ነው፤ ለብቻው 68 ኪሎ። እኔና አንተ አንስተን ግድግዳ ልናስደግፈው እንችላለን። ደግሞ አልተበየደም። ሙጫ ነው! ኤፖክሲ ተቀብቶ፣ ምድጃ ገብቶ የደረቀ፣ እዚህም እዚያም ሪቬት የተመታበት። ከተጋጨ ብየዳ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ እሳቱ ሙጫውን ይገድለዋል። የተክለ ሃይማኖት በያጆች እዚህ ቢመጡ ሥራ ፈት ነበሩ።

ሥራው ትዕግስት ይፈጃል። እዚህ አገር በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ፣ በረዶው እንዲቀልጥ። ብረትና አሉሚኒየም የተገናኙበት ቦታ ሁሉ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ይነክሳል። ብሎኑ እምቢ ይላል። ዘይት ትረጭበታለህ፣ ሻይ ጠጥተህ ትመለሳለህ፣ ሩብ ዙር ታዞራለህ፣ መልሰህ ታጠብቃለህ፣ እንደገና ዘይት። በጉልበት ከሄድክበት ይበጠስና ሻንሲው ውስጥ ይቀራል። ያኔ አልቅስ።

ሞተሩን እንኳን አንተ ታውቀው ነበር። በሽታው ያው የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩ ራስና ብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ ነው። ሮቨር የሠራው ሞተር ነው። ቴስታታውን የሚይዙት ረጃጅም ብሎኖች ቴስታታውንም ብሎኩንም አልፈው እታች ድረስ ይወርዳሉ። በውስጡ ያለው ውሃ ትንሽ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ራዲያተሩ ከፊት ስለሆነ ውሃው ረጅም መንገድ ይሄዳል። ቴርሞስታቱ ሲከፍት ቀዝቃዛው ድንገት ይገባበትና ብረቱን ያስደነግጠዋል። ድሮ ቴስታታውንና ብሎኩን የሚያገጣጥሙት ፒኖች ፕላስቲክ ነበሩ። እኛ ብረት አደረግናቸው፣ ድርብርብ የብረት ጓርኒሲዮን አስገባን፣ የቴርሞስታቱንም ቦታ ቀየርን።

አሁን ለማሙሽ የሚሆነው ክፍል መጣ።

የመኪናዋ ባለቤት መጀመሪያ ሲመጣ ልክ እንደሱ ነበር ያለው። «የሆንዳ ሞተር ግጠሙልኝ።» የሲቪክ ታይፕ አር ሞተር ማለቱ ነው፣ 200 የፈረስ ጉልበት። ብዙ ሰው ያስገጥመዋል፤ ጥሩ ነው፣ አይካድም። አለቃችን ግን ገና ስለ ሞተር ሳያወራ መኪናዋን በሊፍት አነሳትና የኋላ ቴስቲናዋን፣ ጎማውን አቅጣጫ የምታስይዘውን መገጣጠሚያ አሳየው። በአንድ በኩል ብቻ የተያዘች ትንሽ ኳስ ናት። ከተበጠሰች የኋላው ጎማ ወደፈለገበት ይዞራል። በ120 ላይ አስበው። ሰውዬው ዝም አለ። ቴስቲናው በሁለት በኩል በሚይዘው ተቀየረ። የመገጣጠሚያው ላስቲክ፣ ጎሚኒው ሁሉ፣ ሾክ አብዞርበሩ፣ የፍሬን ቱቦው ተቀየረ። ገንዘቡ እዚያው አለቀ፣ ሆንዳውም ቀረ። ነድቷት ሲመለስ ግን ሌላ መኪና ሰጣችሁኝ ወይ አለ።

መጨረሻ ላይ የምትወደውን ሥራ ልንገርህ። አራት ሚዛን አለን፤ ከእያንዳንዱ ጎማ ሥር አንድ። መኪናዋን እላዩ ላይ ታቆማታለህ። ሾፌሩ ወንበር ላይ በሰውዬው ኪሎ ልክ የአሸዋ ከረጢት ትጭናለህ። ነዳጁን ግማሽ ታደርጋለህ። ከዚያ የሞላውን መቀመጫ በትንሹ እያዞርክ የግራ ፊትና የቀኝ ኋላ ድምር ከሌላው ሰያፍ ጋር እንዲተካከል ታደርጋለህ። አንዱን ከፍ ስታደርገው በሰያፍ ያለውም ጎማ ይከብዳል፣ የቀሩት ሁለቱ ይቀላሉ። ቁጥሮቹ እየተቀራረቡ ሲመጡ ምሳ ሰዓት ማለፉን ረስተህ ታገኘዋለህ።

ታዲያ ሞላ መቁረጥ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? የተቆረጠ ሞላ ይደርቃል፣ መቀመጫውን በደንብ አይዝም፣ ሾክ አብዞርበሩም መላወሻ ያጣና ይመታል። ትልቅ ቸርኬም ዞሮ ዞሮ ከባድ ብረት ነው። ለማስነሳትም ለማቆምም ጉልበት ይበላል። የማርሚታውን ነገር ተወው፤ ጎረቤት ይቀሰቅሳል፣ ሌላ ለውጥ የለውም።

ደግሞ የሚረሳው ነገር አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳር ካለው አገር ሲነጻጸር እዚያ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። የኤሊዟ 118 ተክለ ሃይማኖት ሲደርስ 90 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ክብደት ግን ከፍታ አያውቅም። 50 ኪሎ ያወረድክ እንደሆነ እንጦጦ ላይም 50 ኪሎ ነው ያወረድከው። ስለዚህ ፈጣን መኪና ከፈለገ ከኋላ የጫነውን ያን ሳጥን የሚያክል ድምፅ ማጉያ መጀመሪያ ያውርድ! ነጻ ነው፣ እቁብም አይነካም።

ከዚያ ፍሬኑ። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቀው፤ አያውቀውም። ያረጀ ዘይት ውሃ ይስባል፣ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉ መሬት ይነካል። ከማዘጋጃ ወደ ለገሃር ቁልቁል ሰው ሞልቶ ሲወርድ ይኼ እንዲደርስበት አልፈልግም። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በዛ ተብሎ ማታ ማታ ፒያሳ ላይ እንደሚሽቀዳደሙም ሰምቻለሁ። አላውቅም እንዳይለኝ።

በዚያ ላይ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያቺ ቪትዝ ዋጋዋ ሌላ ነው። ቆርጦ ቢያበላሻት መተኪያ ከየት ያመጣል? ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ ጎሚኒ። እቁቡ ለዚህ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል።

የቪትዟን የሻንሲ ቁጥር በቴሌግራም ላክልኝ። ለፋሲካ የምትገባ የሰፈራችን ልጅ ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ እሰጥሃለሁ ብላኛለች፤ ጎሚኒውንና ሸራውን እልካለሁ። ሾክ አብዞርበር ግን ይከብዳታል። እሱን ሶማሌ ተራ ፈልጉ፤ ያገለገለ እንዳትገዙ፣ ርካሽ ቢሆንም።

እማዬን ሳምልኝ። ለእትዬ፣ ለጋራዡ ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብ።

ታናሽ ወንድምህ