ለአያትሽ ቀጠሮ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ አላባራ ብሏል።

ባለፈው በስልክ፣ ስለጠበበው የአያትሽ የልብ ቫልቭ (ደም የሚያልፍበት በር) ቀዶ ሕክምና ስናወራ፣ «በዚህ ዕድሜዋ ልቧን መነካካት ምን ያደርግላታል?» ያልሽው ከሐሳቤ አልወጣም። የፈራሽው ስለምትወጃት ነው። ግን ዕድሜ ብቻውን መልስ አይሆንም። ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ፊታቸው የሞላ አባት ለልብ ቀዶ ሕክምና ሲዘጋጁ አስታምሜ ነበር። እስቲ ተነሥተው ይራመዱ ያላቸው ሰው የለም፤ እኔም አላልኩም። ኦፕራሲዮኑ ተሳካ፤ እሳቸው ግን ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። ዛሬም ይቆጨኛል።

አያትሽን ሰሞኑን ልብ ብዬ አየኋት። ድሮ ጀበናውን እንደያዘች ከበርጩማዋ ብድግ ትል አልነበር? አሁን መጀመሪያ ጀበናውን ታስቀምጣለች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ አንዴ ትሞክራለች፤ በሁለተኛው ትነሣለች። ሁለት ዙር የነበረው መቀነቷ ሦስት ሆኗል። «ጾሙ ነው» ትላለች። ጾሙ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ ከደጃፉ እስከ አቮካዶው ዛፍ 5 ሜትር ለካሁ። እንደ ልማዷ ስትራመድ በስልኬ ሰዓት ያዝኩባት። 8 ሰከንድ ፈጀባት። ከ6 በላይ ከሆነ አረማመዱ ዘገምተኛ ነው ይባላል፤ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚያሰጋው ነገር አንዱ ምልክት ነው።

ስለዚህ በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሞቹ ዕድሜዋንና የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤቷን ብቻ አይተው እንዳይወስኑ ጠይቂልኝ። ያስራምዷት። እጇን ሳትደገፍ ከወንበር 5 ጊዜ ትነሣ። የጭብጧን ጉልበት ይዩ፣ የማስታወስ ችሎታዋን ይፈትሹ፣ ደም ማነስና አልቡሚን (በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ይመርምሩላት። ስትጠይቂ አትፈሪ፣ ልጄ።

ደካማ ናት ቢሉሽ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። ከድካሟ ከፊሉ ከጠበበው ቫልቭ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቫልቩ ሲቀየርላቸው የሚበረቱ አሉ። ከእ.ኤ.አ. 2002 ወዲህ ደግሞ ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በኩል ቫልቭ የሚያስገቡበት መንገድ አለ። ለእሷ የሚሆነው የቱ እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝም ጠይቂ።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የነፍስ አባቷን አነጋግሬ እንቁላልና ወተት ፈቅደውላታል። ሐኪሟም እስካልደከማት ድረስ ትንቀሳቀስ ስላሉ፣ ጠዋት ጠዋት ከወንበር መነሣት ጀምረናል። ዛሬ ሳትደገፍ 3 ጊዜ ተነሣች!

ደግሞ እሷንም ይጠይቋት። እኔን «በእግሬ ቤተ ክርስቲያን ከደረስኩ ሌላ አልፈልግም» ብላኛለች።

ማክሰኞ መናኸሪያ ጠብቂን። በርጩማዬን ካልያዝኩ አልሄድም ብላለች፤ ይዘን እንመጣለን።

እናትሽ