የቤት ሥራውን አትሥሪለት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ውርጩ ሲበረታ የእናትሽን ጉልበት ያማታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

አክስትሽ ለጥምቀት መሐል ሜዳ በመጣች ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከዩኒቨርሲቲው ትምህርትሽ ጎን ለጎን በየሰው ቤት እየሄድሽ ሒሳብ እንደምታስጠኚ አጫወተችኝ። የደብተርና የትራንስፖርት ወጪሽን በራስሽ በመቻልሽ ኮራሁብሽ። ነገር ግን ቀጥላ የነገረችኝ አላስደሰተኝም፤ እናቶቹ ደብተሩ በራይት ምልክት ተሞልቶ ሲያዩ ስለሚረኩ፣ አንቺም ወደሚቀጥለው ቤት ስለምትቸኩዪ፣ መልሱን አንቺ ሠርተሽ ልጁ ይገለብጣል አሉ። የኔ እናት፣ የቤት ሥራውን አትሥሪለት።

እኔ ቅኔ ቤት ሳለሁ የኔታ ምሳሌውን ዘርፈው፣ ማለት ቅኔ ደርሰው አሰምተው፣ አገባቡን ካስረዱን በኋላ፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን በየጥሻው ተበትነን ስንቆጥር፣ የየራሳችንን ቅኔ ስንደርስ ማለቴ ነው፣ እንውል ነበር። ሁለት ቤት ብቻ ያላት የጀማሪ ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና፣ ሳትሞላልን የመሸ እንደሆነ ፊታቸው መቅረቡ ያሳፍረናል። ማታ ስንነግራቸው የተበላሸውን ያቃናሉ፣ ቤት ያልመታበትን ያሳያሉ፤ ነገር ግን አንድም ቀን ለማናችንም ቆጥረው አልሰጡንም። የሌላውን ቅኔ እየተዋሰ የሚነግር አንድ ጓደኛ ነበረን፤ የኔታ ዝም ብለው ሰሙትና ወርቁን እንዲፈታላቸው ብቻ ጠየቁት። አልቻለም። እኔም ከጉባኤ ቃና ወደሚቀጥለው የቅኔ ዓይነት፣ ወደ ዘአምላኪየ፣ እንደተሻገርሁ አያትሽ ዐረፉና ታናናሾቼን ለማሳደግ ወደ እርሻው ተመለስሁ። ረጅሙ ቅኔ መወድስ ላይ ሳልደርስ መቅረቴ ገብስ ሳጭድም ሳርስም ያንገበግበኛል፤ ሆኖም ያን ጊዜ በራሴ የቆጠርኋቸው ጥቂቶቹ ዛሬም ከአፌ አልጠፉም። ይህን ታሪክ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰልችተሽዋል፤ አውቃለሁ።

የሰባተኛ ክፍሉ ልጅ ክፍልፋይ እንኳ አያውቅም ብለሽ ማማረርሽንም ሰማሁ። በዚህ ሁሉ ችግር ትምህርት ቤት ተዘግቶበት የከረመ ልጅ ከሆነ ጥፋቱ የእርሱ አይደለምና አታሳፍሪው፤ ወደ አራተኛ ክፍል መጽሐፍ ይዘሽው ተመለሽ። አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ደምር ሲባል የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምሮ ሁለት ሰባተኛ ቢልሽ፣ እስክሪብቶውን ከእጁ አትቀበዪው። የ12 ቁና ገብስ ሲሶው ስንት ነው፣ እርቦውስ ብለሽ ጠይቂው። 4 ቁናና 3 ቁና ብሎ 7 ሲያገኝ፣ መልሱ ከ12 እጅ 7 መሆኑን በራሱ አፍ ይናገር። ቀጥሎ ሁለት ሰባተኛ ከሲሶም እንደሚያንስ ያስላ፤ በሲሶ ላይ እርቦ ተጨምሮ እንዴት ከሲሶ ያንሳል ብሎ ሲገረም ስሕተቱን ራሱ አገኘው ማለት ነው። አባቶቻችን አዝመራቸውን በሲሶና በእርቦ ሲካፈሉ ኖረዋልና ለሸዋ ልጅ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ልጅ ግን ያስቸገራት እንግሊዝኛው ሊሆን ስለሚችል፣ ከመሥራቷ በፊት ጥያቄው ምን እንደሚል በአማርኛ ታስረዳሽ።

ወላጆቹ ገጹ ለምን ባዶ ሆነ ብለው ቢቆጡ እንዲህ በያቸው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። እዚያ አዳራሽ አስጠኚ ተከትሎ አይገባም። ይህን ሰምተው ሌላ አስጠኚ እንፈልጋለን ካሉም ይፈልጉ፤ ገንዘቡ ይቅር፤ አንቺ ግን የቤት ሥራውን አትሥሪለት።

ክፍያሽን ሥራውን ሳትጀምሪ ተስማሚ። ሳሎን ሆነሽ፣ በሩ ተከፍቶ፣ የቤቱ ሰው ባለበት አስጠኚ እንጂ ጓዳ አትግቢ። ከመሸ ብቻሽን በእግርሽ አትመለሽ። የራስሽ ፈተና ሲቃረብ ቤት ቀንሺ፤ እኛ የላክንሽ አንቺ እንድትማሪ ነውና።

እናትሽ በሶና ቆሎ ቋጥራልሻለች፤ ጋቢም አለበት። አክስትሽ ቤት ሄደሽ ውሰጂ፤ ነገረችብኝ ብለሽ እንዳትቀየሚያት፣ ይልቁንም የእርሷንም ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ አስጠኚላት። የእርሱንም ቢሆን አትሥሪለት።

አባትሽ
ከመሐል ሜዳ